የቆረጥኩት የኪታብ ዳር

ሰው ገጠመኙን ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ የደረሰበትን ነው የሚጽፈው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን በሰው ላይ ያደረስኩትን ነው። ነገሩ የሆነው ሐረር ውስጥ ነው። ጣሊያን ከወጣ ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ እኔም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ለባሌ እንኳ የነገርኩት ባለፈው ዓመት ነው። እሱም ሰምቶ ሲያበቃ «በቃ ይኼ ነው?» አለኝና አናደደኝ። አዎ፣ ይኼው ነው። ሰው አልሞተም፣ ቤት አልተቃጠለም። ግን አሁንም አሮጌ መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ዳሩን ነው።

ያን ጊዜ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ባለ አንድ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የምንማረው ንድፍ፣ ጥልፍ፣ የቆዳ ሥራና የመጽሐፍ ጥረዛ ነበር። ራሴን ላመስግን ብዬ አይደለም፣ እጄ ጥሩ ነበር። ችግሩ ጥሩ መሆኑን እኔም ማወቄ ነው። ጓደኞቼ «እቴጌ መርፌ» ይሉኝ ነበር። የሚያሾፉብኝ መሆኑን ባውቅም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ለመመረቂያ እያንዳንዳችን አንድ የጥልፍና አንድ የጥረዛ ሥራ እንድናቀርብ ታዘዝን። ሥራው ለሕዝብ በሚታይበት ቀን እንግዶች መጥተው ያወዳድራሉ፤ አንደኛ የወጣችው ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ ትምህርቷን ትቀጥላለች ተባለ። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አባቴ ሞቷል፣ እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነው ያሳደገችኝ። ካላለፍኩ ደግሞ ሊያገባኝ የሚጠብቅ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሰውየው ምንም አላደረገኝም፤ ዝም ብዬ ሳየው ይደክመኝ ነበር።

አስተማሪያችን ወይዘሮ አስካለ «ለጥልፉ ከዚሁ ከአገራችሁ የሆነ ነገር አምጡ» አሉን። እኔ ቶሎ የመጣልኝ የሐረሪ ሴቶች ሱሪ እግር ላይ የሚጠለፈው ጥልፍ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር። አያቴ ከሸዋ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እንግዲህ እኛ በሐረር ሦስተኛ ትውልድ መሆናችን ነው። ያም ሆኖ ጀጎል ውስጥ ገበያውን እንጂ የአንድ ሰው ቤት አላውቅም ነበር።

እናቴ ግን አንድ ቤት ታውቅ ነበር። የፈተለችውን ክር የሚገዟት አዴ ዘይቱና የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ አዴ ማለት እኛ እማማ እንደምንለው ነው። ቤታቸው ከቡዳ በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። ባላቸው ከሞቱ ገና ሦስት ወራቸው ነበር። እናቴ ይዛኝ ሄደችና «ይቺን ልጅ አስተምሩልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ምን አደከማችሁ፣ ለምን አላሉም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣ» ብቻ ነው ያሉት።

ሰባት ወር ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ካለበት፣ ሐኪም ከሚባለው ጋራ ቁልቁል እየወረድኩ ሄድኩ። ቀይ ቀለም በተቀባው መደብ ላይ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ መርፌ በእጄ ያስይዙኛል። የጠለፍኩትን ሳሳያቸው ፊቱን አያዩም፣ «ጀርባውን አሳዪኝ» ነው የሚሉት። ጀርባው ላይ የተቋጠረ ወይም የተንጨባረረ ክር ካዩ ያለ ምንም ንግግር ይተረትሩታል። አንድ ቅዳሜ የሦስት ሳምንት ሥራዬን ተረተሩብኝና አለቀስኩ። «አይዞሽ ልጄ፣ ጨርቁ አልሞተም» ብለው መርፌውን መልሰው ሰጡኝ።

እጃችን ሲሠራ አፌ አያርፍም ነበር። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አዲስ አበባ፣ ስለዚያ ስለ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አወራላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይሰማሉ፣ አንዳንዴም ይስቃሉ። ሰባት ወር ሙሉ እኔ ተናጋሪ እሳቸው ሰሚ ነበርን። ያን ጊዜ ይህ ነውር አልመሰለኝም።

በግድግዳው ውስጥ በተሠራው መደርደሪያ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ኪታብ ነበራቸው። በመውሊድ ጊዜ የሚነበብ የነቢዩ ውዳሴ መጽሐፍ ነው። ገበታው፣ ማለት ሽፋኑ፣ ወልቋል፣ ክሩ ተበጥሷል፣ ቅጠሎቹም ተለቃቅቀዋል። የጥረዛ ሥራዬን ምን ላድርገው እያልኩ ስጨነቅ ስለነበር ዐይኔ እሱ ላይ አረፈ። እንደዚያ ያለ አሮጌ መጽሐፍ ታድሶ ቢቀርብ ማን ይበልጠኛል ብዬ አሰብኩ።

«እኔ ልጠርዝልዎት፣ ላስተማሩኝ ወረታ ይሁን» አልኳቸው። እሳቸው አመነቱ። «አው ሙሜ ጋ ልወስደው ነበር» አሉ። አው ሙሜ በጀጎል የታወቁ ሽማግሌ ጠራዥ ናቸው፤ አው ማለት እንደ እኛ አባ ማለት ነው። እኔ ግን እሺ ብዬ አልተውኩም። «የሳቸው ወረፋ ዓመት ይፈጃል፤ እኔ በወር እጨርሰዋለሁ» አልኩ። በመጨረሻ ከመደርደሪያው አውርደው በሁለት እጃቸው ሰጡኝና «የመርሑሙ እጅ አለበት፣ አደራ» አሉኝ። መርሑሙ የሚሉት የሞቱትን ባላቸውን ነው። እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ በልቤ የማስበው የሚለበጠው ቆዳ ቀይ ይሁን ቡናማ የሚለውን ነበር።

ኪታቡን ትምህርት ቤት ወስጄ ፈታሁት። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየጠረግሁ፣ የተቀደደውን እየለጠፍኩ እንደገና በጥራዝ በጥራዝ ሰፋሁት። ይኼ ሥራዬ ዛሬም አያሳፍረኝም፣ ስፌቱ ቆንጆ ነበር። በሥራው መሐል በአምስት ገጽ ዳር ላይ ሌላ ጽሑፍ አየሁ። ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ፊደሉ ቀጭንና ዘመም ያለ ነው። ከመሐሉ ጽሑፍ ጋር አይመሳሰልም። ለእኔ ዐይን የተጫጫረ ነገር እንጂ ጽሑፍ አይመስልም ነበር፤ ንጹሑን ገጽ ያቆሸሸብኝ መስሎ ታየኝ።

ለወይዘሮ አስካለ አሳየኋቸው። ዘንበል አድርገው አዩትና «ብዕር የሞከሩበት ይሆናል። ዳሩ እንደሆነ በእጅ ወዝ ጠቁሯል፤ ቆርጠሽ አጽጂው» አሉኝ። ደግ ሴት ናቸው፣ በክፋት አልነበረም። ግን እሳቸውም የዐረብ ፊደል አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ሁለት ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ቆመን ስለ ጽሑፍ ፈረድን።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቁርዓን የተማሩ ሰው ነበሩ፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። የአው ሙሜ ሱቅ ደግሞ የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ አልፎ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ቢበዛ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ወስጄ «ይኼ ምንድን ነው?» ማለት ብቻ ነበር። ግን እቴጌ መርፌ ዘበኛ ልትጠይቅ ነው እንዴ? እንዲህ ነበር የማስበው፤ ምን ልዋሻችሁ።

ኪታቡን መጭመቂያው ውስጥ አስገብቼ ረጅሙን ቢላ ሳልኩና በሦስቱም በኩል ቆረጥኩት። ወረቀቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ወደቀ። ዳሩ ቀጥ ብሎ፣ ነጥቶ ወጣ። በእጄ ዳበስኩትና ደስ አለኝ። ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ ከሰሉም እርጥብ ሆኖ አልያዝ አለኝ። ቆዳውን ለመለበጥ ሙጫው መሞቅ አለበት። መሬት የወደቀውን ቁርጥራጭ ሁሉ በእቅፌ ሰብስቤ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩና ክብሪት ጫርኩበት። ከሰሉ ወዲያው ተያያዘ።

ቀይ ቆዳ ለበጥኩት። በጋለ ብረት ደግሞ አዴ ዘይቱና ያስተማሩኝን የሱሪ እግር ጥልፍ ንድፉን ሳልለውጥ ቆዳው ላይ አተምኩት። እንደ ዐረብ መጻሕፍት ሁሉ ገጾቹን የሚሸፍን ምላስ አወጣሁለት። ወይዘሮ አስካለ ሲያዩት ግንባሬን ሳሙኝ።

ሥራችን ለሕዝብ በታየበት ቀን አንደኛ ወጣሁ። ጥልፌና ኪታቡ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶግራፍ ተነሡ። እንግዶቹ ሹማምንትና የሹማምንት ሚስቶች ነበሩ። ከከተማው የእጅ ባለሙያዎችም ጥቂት ሰዎች ተጠርተው ስለነበር አው ሙሜ መጥተው ነበር። ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው ከሕዝቡ ኋላ ቆመው አየኋቸው። እሳቸው ሥራዬን ቢያመሰግኑልኝ ብዬ በጣም ጓጓሁ፤ የምፈልገው የእውነተኛ ባለሙያ ምስጋና ነበር።

ሰዉ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ መጡና ኪታቡን አነሡት። ጀርባውን፣ ስፌቱን፣ ምላሱን እያገላበጡ አዩ። «ማሻአላህ፣ ስፌትሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ ገለጡትና ጥቂት ቅጠል ካለፉ በኋላ እጃቸው ቆመ። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። «ዳሩን ማን ቆረጠው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ «እኔ ነኝ፣ ቀጥ ብሎ የለም?» አልኳቸው።

አምስቱን ገጽ አንድ በአንድ ፈልገው እያገኙ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና እኔንም እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። ዳሩ ላይ የነበረው የልጆች ልደትና ሞት መሆኑን ነገሩኝ። ቋንቋው የራሳቸው የሐረሪዎቹ ነው፣ ፊደሉ የዐረብ ነው። የጻፉት የልጆቹ አባት፣ የአዴ ዘይቱና ባል ናቸው። ልጆቹ አምስት ነበሩ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ተሰጥቷቸዋል፣ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ የተወለደበት ቀን፣ መጨረሻ ላይ የሞተበት ቀን።

ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በቀኝ ገጾቹ ላይ ቢላዬ የወሰደው የመስመሩን መጀመሪያ፣ ስሙን ነው። በግራ ገጾቹ ላይ ደግሞ መጨረሻውን፣ ቀኑን ወሰደ። አው ሙሜ በጣታቸው እያሳዩ «ሦስቱ ስማቸው አለ፣ የሞቱበት ቀን የለም። ሁለቱ ቀናቸው አለ፣ ስም የለም» አሉኝ። «ቁርጥራጩን አምጪ፣ እኔ እገጥመዋለሁ» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አቃጠልኩት ማለት አቅቶኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ገባቸው መሰለኝ ደግመው አልጠየቁኝም።

አልተቆጡኝም። ተነሥተው መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ እንዲህ አሉኝ፦ «እኛ ሳናነብ ቢላ አናነሣም። ማንበብ የማንችለው ከሆነ እስኪነበብልን ይቆያል። ይኼን ከመስፋት በፊት ነው የምንማረው።» ከዚያም «ለሴትዮዋ ራስሽ ንገሪያት፤ እኔ አልነግርልሽም» ብለውኝ ሄዱ። ወዲያው ጓደኞቼ እየጮሁ ገብተው አቀፉኝ።

መንገር ነበረብኝ፣ ግን አልነገርኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኪታቡን ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበት ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ሲደርስ የሆነ ምክንያት እፈጥራለሁ። ገበያ ስላክ እንኳ በቡዳ በር እንዳልገባ ዞሬ በሸዋ በር እሄድ ነበር። እናቴ ስትጠይቀኝ «ኪታቡ ገና ትምህርት ቤት ነው» አልኳት። አዲስ አበባ ሄጄ ብገላገል እያልኩ ቀን እቆጥር ጀመር።

በአራተኛው ሳምንት፣ እሑድ ነው፣ በር ተንኳኳና እናቴ ከፈተች። አዴ ዘይቱና ናቸው። በዚያ ፀሐይ ያንን ዳገት በእግራቸው ወጥተው ላብ በላብ ሆነዋል፤ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። በትንሽ ሙዳይ ማንጎ ይዘዋል። ገና ሳይቀመጡ «ልጅቷ ታማ ነው? ሦስት ቅዳሜ ቀረችብኝ» አሉ። የመጡት ኪታቡን ሊጠይቁ አልነበረም። እኔን ሊጠይቁ ነው።

እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ ሣጥኔን ከፈትኩና ኪታቡን አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ቆዳውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። የጥልፉን ንድፍ በጣታቸው ተከተሉትና «ይኼማ የኔ ነው» አሉ። ለእናቴም አሳዩዋት። ከዚያ ገለጡት። ማንበብ አይችሉም፤ ቅጠሉን ግን ያውቁታል። ውሃ የነካውን አንዱን ገጽ ፈልገው አገኙና አመልካች ጣታቸውን ወደ ዳሩ ወሰዱ። ጣታቸው ከወረቀቱ ወጥቶ ቆዳው ላይ አረፈ። መለስ አድርገው እንደገና ወሰዱት፤ አሁንም ቆዳው ላይ ወደቀ። «እዚህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው፣ ራሳቸው የተሳሳቱ ይመስል። «መርሑሙ ጣቴን ይዞ፣ ይቺ የራውዳ ናት፣ ይለኝ ነበር። እዚህ ነበር።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ። አው ሙሜ ያሉኝንም፣ የተረፈው ምን ምን እንደሆነም ነገርኳቸው። ቁርጥራጩ የት እንዳለ ጠየቁኝ። «ሙጫ አሞቅኩበት» አልኳቸው። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

አዴ ዘይቱና አላለቀሱም። ለእናቴ ይናገሩ ጀመር፤ ወደ እኔ አያዩም። በየዓመቱ እያንዳንዱ ልጅ በሞተበት ቀን ቂጣ ጋግረው ለልጆችና ለድሆች ምጽዋት፣ ሶደቃ የሚሉትን፣ ይሰጡ ነበር። ቀኑ የሚቆጠረው በዐረብ ወር ስለሆነ በክረምትም በበጋም እየዞረ ይመጣል፤ የሚያውቁት ባላቸው ነበሩ። ማታ ከኪታቡ ያዩና «ነገ የዩሱፍ ነው» ይሏቸዋል። እሳቸውም ዱቄት ያቦካሉ። «ቀኑን መቁጠር ለሱ ትቼው ነበር» አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያለውን በግምት አሳልፈውታል። ኪታቡ ተጠርዞ ሲመጣ አው ሙሜ አንብበውላቸው በቃላቸው ሊይዙት ነበር ያሰቡት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አምስት ናቸው። አምስት ልጅ እንደቀበርኩ አታውቂም ነበር?» አሉኝ። አላውቅም ነበር አልኳቸው።

«አልጠየቅሽኝማ» አሉኝ።

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ዝም ብሎ እውነት ነው። ሰባት ወር አጠገባቸው ተቀምጬ ልጅ ወልደው ያውቁ እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። ጠይቄ ቢሆን ይነግሩኝ ነበር፤ ቢነግሩኝ ዳሩ ላይ ያለው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። በክንዴ ይዘው አነሡኝና «ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ፣ አላህም ይቅር ይበልሽ» አሉኝ። ኪታቡን ይዘው ወጡ። ልሸኛቸው ስል እናቴ በእጇ ከለከለችኝና ራሷ ተከትላቸው ወረደች። ስትመለስ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ከዚያ በኋላ ከመሄዴ በፊት ሦስት ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። በደንብ ተቀበሉኝ፣ ሻይ አቀረቡልኝ። ድሮ ስገባ «ነይ ተቀመጪ» ብለው መርፌ ነበር የሚያስይዙኝ። አሁን ግን ለእንግዳ የሚወጣውን ትራስ አምጥተው ከጀርባዬ አደረጉልኝ። ያ ትራስ ከስድብ ይልቅ ጎዳኝ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ሽልማቱን መተው ነበረባት የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ግን አልተውኩትም። ዕቃዬን ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ደስ ሲለኝ አፍራለሁ፣ ሳፍር ደግሞ ደስታዬ ያመኛል፤ የመጀመሪያውን ዓመት እንዲህ ነበር ያሳለፍኩት።

በዓመቱ ለዕረፍት ስመለስ በነጋታው ጠዋት ጀጎል ገባሁ። የአዴ ዘይቱና በር ተከፍቷል። እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ለሠፈሩ ልጆች ከሰፌድ ላይ ቂጣ እያነሡ ይሰጣሉ፤ አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌም ተቀብለው እየመረቁ ነው። ከልጆቻቸው የአንዱ ቀን እንደሆነ ገባኝ። ደግሞም ደስ አለኝ። ቀኑን ከሌላ ሰው አግኝተውት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ሰላምታ ተሰጣጥተን ስናበቃ «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መጠየቅ ያን ጊዜ ተማርኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ድሮ በዓመት አምስት ቀን ነበር። አሁን የትኛው ቀን የማን እንደሆነ አላውቅም። አንዱ እንዳያመልጠኝ ብዬ በየቀኑ እጋግራለሁ።»

ይህን ብለው ለእኔም አንድ ቂጣ ሰጡኝ፤ በመንገዱ ለሚያልፍ ሁሉ እንደሚሰጡት። ትኩስ ነበር። እምቢ ማለት አይቻልም፣ ሶደቃ ነው። እዚያው ቆሜ «አላህ ይቀበልዎት» አልኩና በላሁት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብዬ ነግሬያችኋለሁ። በየቀኑ ጠዋት ዱቄት ያቦካሉ፣ እሳት ያነዳሉ፣ ቆመው ይሰጣሉ። ይህን ሥራ የጨመርኩባቸው እኔ ነኝ።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ጥረዛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቢላ የሚከለክሉ ሴትዮ ብለው ያሙኛል፤ ይሙኝ። አግብቼ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። የተወለዱበትን ቀን ሦስት ቦታ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ባሌ በዚህም ይስቅብኛል። የዐረብ ፊደል ለመማር ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ተውኩት። ይህን የምነግራችሁ ተለውጬ ደግ ሰው ሆኛለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ ነው።

ይቅር ብለውኛል፤ ሰው ሲያጽናናኝ ይህንኑ ያስታውሰኛል። ግን እናቴ ባለፈው ሳምንት በላከችልኝ ደብዳቤ አዴ ዘይቱና ደኅና ናቸው፣ ጉልበታቸው ብሶባቸው አሁን ቂጣውን የሚሰጡት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነው ብላ ጽፋልኛለች። እንግዲህ ይህን በምጽፍበት በዛሬው ጠዋትም ተቀምጠው እየሰጡ ነው ማለት ነው። የማን ቀን እንደሆነ አያውቁም።